ማይክራፎኑ የማን ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነስቶ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሳያስተኛን ቆየ። ከመካከላችን የላስታ ልጆች የሆንን ጥቂቶች፣ «የላሊበላና የዙሪያዋ ሕዝብ የራሱ የሆነ የማህበረሰብ ሬዲዮ ቢኖረው ምን ይባልበት?» ብለን ጠየቅን። መልሱ ወዲያው ጎረፈ፤ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቱሪስት አያያዝ። እኛም በበኩላችን «ስለ አእምሮ ጤናም ይባልበት፤ ያውም በዘፈን፣ በቅኔ፣ በሙሾና በተረት፤ ያውም በታመሙት በራሳቸው አንደበት» ስንል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ «ሕዝቡ እህል አጣ እንጂ ዘፈን መች አጣ!» አለ። ሌላው ደግሞ «እብድ ጋዜጠኛ ልትቀጥሩ ነው እንዴ?» ብሎ ጨረሰው።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተሰጠ መልስ ነው። የሳቁት ጓደኞቻችን ክፉዎች አይደሉም፤ እኛም ትናንት አብረን ስንስቅ የነበርን ነን። ስለዚህ ሂሳችን ራሳችንን ዘሎ ሌላውን ብቻ እንደማይመታ አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምር። ጎህ ሳይቀድ በሰው ደጅ ቆመው የሚያዜሙትን የማያውቅ ማን አለ? አንዳንዱ ሐሚና ይላቸዋል፤ ብዙው ሰው ግን «ላሊበላ»፣ «ላሊበሎች» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ስማቸው ከንጉሡና ከከተማችን ስም ጋር አንድ ነው። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው ያስገቡታል፤ ያወድሱታል፤ የተሰጣቸውን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ፀሐይ ሳትከር ይሄዳሉ። ለምን ያዜማሉ ቢባል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው መልስ አንድ ነው፦ ዜማውን የተወ እንደሆነ ቁምጥና ይይዘዋል ይባላል።

እኛ ዘመናዊ ነን ባዮች ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ልክ ነው፤ ቁምጥና የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ የሚድነውም በመድኃኒት ነው። ዜማ ባክቴሪያ አይገድልም። ግን ፈገግታችንን ገታ አድርገን አንድ ነገር እንመልከት። ቁምጥና በአገራችን ሰውን የጎዳው በቁስሉ ብቻ አልነበረም፤ በር በማዘጋቱም ነበር። የታመመ ከማዕድ ይለያል፤ ከሠርግ ይቀራል፤ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። ላሊበላው ግን ያንን የሚያስፈራ በሽታ ስም ተሸክሞ በሰው ደጅ ይቆምና በዜማው በሩን ያስከፍታል። መድኃኒት ሥጋን ያድናል፤ ዜማ በር ያስከፍታል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፤ አንዱ ሲጎድልም ሌላው ግማሽ ነው። ክርክራችን በሙሉ ይኸው ነው።

አሁን «ቁምጥና» የሚለውን ቃል አንሱና «እብደት» የሚለውን ተኩበት። በር መዝጋቱ ያው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከላስታ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ከከተማ ወርዶ በየጤና ጣቢያው ከሚሰጠው ከተራው ሕክምና ጋር እንዲቀናጅ አለመ። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያ ቢከፈት፣ ነርስ ቢመደብ፣ ክኒን ቢመጣ፣ «ለየለት» እንዳይባል የፈራ ሰው በየትኛው እግሩ ሄዶ እዚያ ወረፋ ይይዛል? ሐኪሙ የራሱን በር ከፍቶ ይጠብቃል፤ የጎረቤትን በር የሚያስከፍተው ማን ነው?

ላስታ በነዚህ ዓመታት ያየችውን እናውቃለን፤ ቢሆንም በጽሑፍ ይቀመጥ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ቱሪስት ጠፋ፤ በእንግዳ ይኖር የነበረ ከተማ ባዶ እጁን ቀረ። ከሐምሌ 2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከረመች፤ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። በ2015 ክረምትና በ2016 መጀመሪያ ደግሞ ተኩሱ ተመልሶ መጣ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ለቅሶ መድረስ ያልተቻለበት ጊዜ ነበር፤ እንደ ወጉ ሳይለቀስለት የተቀበረ ሰው አለ። ያ ሐዘን የት ሄደ? አልሄደም፤ ሰው ውስጥ ተቀምጧል። ቤተ መቅደሶቻችን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ ደስ አለን፤ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ባለሙያ መጣ፣ የብረት መጠለያ ተተከለ። ይገባቸዋል። ሰው ሲሰነጠቅስ?

እዚህ ላይ ራሳችንን እንክሰስ። ከመካከላችን አንድ ጓደኛ ነበረን፤ ስሙን አንጠራም፤ ይህን እንድንጽፍ ግን ፈቅዶልናል። ሌሊት ሌሊት ተነስቶ ኮሪደሩን ሲመላለስበት ያድር ነበር። «ፈተና አስጨንቆት ነው» አልን። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ለዚህች ቡለቲን አንድ ግጥም ሰጥቶን ነበር። መታመሙን ስንሰማ ግጥሙን አስቀረነው። «ስሙ እንዳይጠፋ ብለን ነው» ተባባልን። በዕረፍት ወራት ልንጠይቀው ሄድን። እናቱ በር ላይ ተቀብለውን «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፤ ሰው ከመጣብን ቆየ» አሉን። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀን ስለ ትምህርትም ስለ ማንም አልነበረም።

«ግጥሜስ? ወጣ?»

«ቦታ ጠቦ ነው» አልነው። ዋሸን። አንገቱን ነቀነቀና ዝም አለ። ጸበሉንም ክኒኑንም ይወስዳል፤ ቤተሰቡ አልነፈገውም። በር የዘጋነው እኛ ነን፤ የተማርነው፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ድምፅ በየገጹ የምንጽፈው።

እንግዲህ ሬዲዮው ለምን በኪነ ጥበብ ይናገር ለሚለን መልሱ ይህ ነው። የላስታን ሰው «አእምሮህን አሞሃል ወይ?» ብለህ ብትጠይቀው «ተመስገን» ነው የሚልህ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ከመጣህማ ይባስ ይጠነቀቅሃል። በዜማ ስትመጣበት ግን ሌላ ሰው ነው። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ከሚባሉት ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዱ፣ ዋድላ፣ ጎረቤታችን ነው፤ ሕዝባችን በሰሙ ሸፍኖ በወርቁ መናገርን ከማንም አይማርም። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የላስታ ልጃገረዶች ለአሸንድዬ ሲወጡ፣ የዋግ እህቶቻቸው ለሻደይ፣ የቆቦዎቹ ለሶለል ሲወጡ፣ በአዘቦት ቀን አፍ አውጥተው የማይናገሩትን በዘፈን ያወጡታል። ሙሾ አውራጇ የሟችን ስም አንስታ የቆመውን ሁሉ ታስለቅሳለች፤ ተለቅሶ ሲያበቃም ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ሁሉ መድኃኒት ነው ብለን አንዋሽም። ሕመሙ ስም የሚያገኝበት፣ ሰውም «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚልበት መንገድ ነው።

«ይኼ የእናንተ ቅዠት ነው» የሚለን ካለ፣ ወደ ውጭም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1991 በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ፣ አልፍሬዶ ኦሊቬራ የሚባል የሥነ ልቦና ተማሪ፣ ልብ በሉ፣ እንደኛው ተማሪ፣ ቦርዳ በሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ግቢ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ገባ። ሕሙማኑ ተናገሩ፣ ዘፈኑ፣ ገጠሙ፤ የተቀዳውም በሬዲዮ ተላለፈ። አድማጭ ጥያቄ ላከ፤ ሕሙማኑ መለሱ። ላ ኮሊፋታ የሚባለው የሕሙማን ሬዲዮ የተወለደው እንዲህ ነው። ሐኪሞቹ ከሥራ አልተባረሩም፤ ክኒኑም አልቀረም። የተለወጠው በግንቡ ውስጥና በውጭ ባለው ሰው መካከል ያለው ዝምታ ነው።

በአገራችንም ሬዲዮ ምን ማድረግ እንደሚችል ታይቷል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል፤ 257 ክፍል ነበረው፤ አድማጩ በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፏል። ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ያ አድማጭ ድርሻው ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ ታሪኩ አዲስ አበባ ተጽፎ ይወርድለታል። እኛ የምንለው፣ አሁን ደግሞ ታሪኩ ከታች ይውጣ ነው። የማህበረሰብ ሬዲዮ የሚባለው ፍልስፍና ራሱ ይህ አይደለም እንዴ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533፣ እሱን ተክቶ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም ለማህበረሰብ ብሮድካስት የራሱን ቦታ ሰጥተውታል፤ ትርፍ ፈላጊ ነጋዴም፣ የመንግሥት ጣቢያም አይደለም። በጎረቤታችን በዋግ ኽምራም ሰቆጣ ላይ የማህበረሰብ ሬዲዮ ተቋቁሟል። ማይክራፎኑ ለመመሪያ ማንበቢያ ብቻ ከዋለ ግን፣ የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ሆነ እንጂ የሕዝብ ሬዲዮ አልሆነም።

ተቃውሞዎቹን አንሸሻቸውም።

«እህል ይቀድማል» ይሉናል። ወሎ ረሃብን ከማንም አይማርም፤ የ1966ቱንም የ1977ቱንም አይቷል። ግን ድባቴ የያዘው ገበሬ በሬ ጠምዶ አይወጣም፤ ዘሩ ቤቱ ተቀምጦ ክረምቱ ያልፈዋል። አእምሮ ከእህል በኋላ የሚመጣ ጌጥ አይደለም፤ እህል የሚያመርተው እጅ የሚታዘዘው በሱ ነው።

«ጸበል እያለ ምን ሬዲዮ?» የሚሉም አሉ። ጸበልን የሚያጣጥል ቃል ከኛ አይወጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪሞችና የጸበል አገልጋዮች አብረው የሠሩበት ቦታ አለ፤ ታማሚው ጸበሉን ሳይተው ክኒኑን ይወስዳል። ሬዲዮው ቄሱንና ነርሱን በአንድ ጠረጴዛ ቢያቀምጥ ማን ይጎዳል?

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፤ እናከብረዋለን። ሬዲዮ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ አር.ቲ.ኤል.ኤም. የተባለው ጣቢያ ሰው በጎረቤቱ ላይ ሜንጫ እንዲያነሳ ቀስቅሷል። ደግሞም ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስም ባይጠራ እንኳ ሰው በድምፁ ይታወቃል። የአንድን ሰው ሕመም አየር ላይ አውጥቶ መንደሩ መሳቂያ ማድረግ ከዝምታው የከፋ ነው። ስለዚህ ያለ ሥርዓት አይጀመርም እንላለን። ድምፁ የባለቤቱ ነው፤ ከመተላለፉ በፊት ራሱ ይስማው፤ አልፈልግም ባለ ሰዓት ይሰረዝ። ሕመሙ በበረታበት ቀን ማንም አይቀዳ። ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ የት ሄዶ መታከም እንደሚቻል የሚናገር የጤና ባለሙያ ይኑር። «እብድ» የሚለው ቃል ማሳቂያ ሆኖ በጣቢያው አይሰማ። የጎሳና የጥላቻ ንግግር በበሩ አይለፍ።

ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ አንድ ዜማ፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ የባለሙያ ምክር። ሬዲዮ በድንጋይ ባትሪ ይሠራል፤ ኢንተርኔት በተዘጋበት ዘመን አይተነዋል። በሰንበቴውና በእድሩ ተሰብስቦ የሚያዳምጥ ሕዝብ ደግሞ አለን፤ ከሰማ በኋላ ዝም ብሎ አይበተንም፤ ይነጋገራል። አሸንድዬዋን የምትዘፍነው ልጅ፣ ሙሾ አውራጇ፣ ባለ ማሲንቆው፣ የቅኔ ተማሪው አሉ። የጎደለው እኛ ነን። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በህብረት ዘመቻ የኛ ቀዳሚ ተማሪዎች ወደ ገጠር ሲዘምቱ ሊያስተምሩ ነበር የወጡት። እኛ ልናዳምጥ እንውጣ። ማስተማር ለምደናል፤ ማዳመጥ ነው ያልቻልንበት።

የጓደኛችን ግጥም በሚቀጥለው እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል። በስሙ ይሁን ያለ ስሙ የሚወስነው እሱ ነው፤ ቦታ አይጠበውም። በመጪው የዕረፍት ወራት ደግሞ መቅረጸ ድምፅ ይዘን ወደ ላስታ እንወጣለን። ያን ሌሊት የሳቃችሁትም ጭምር፣ አብራችሁን መውጣት የምትፈልጉ ስማችሁን ጽፋችሁ በቡለቲኑ ሳጥን ክተቱ።