የድል ሐውልት እንባ አያብስም

ሠዓሊዎቻችን የጦርነትን ሐዘን በሸራና በግድግዳ ላይ ያውጡት በተባለ ቁጥር፣ «ቁስል አትነካኩ» የሚል ምክር ይሰነዘራል። መካሪዎቹ በቅን ልቡና ይናገሩ ይሆናል፤ እኔ ግን ምክራቸውን አልቀበልም።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ ዘልቆ ከተማዋን ወጋ፤ ተመትቶም ተመለሰ። የዚያ ጦርነት ትልቁ መታሰቢያ የት ቆመ? አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ነው። ቀይ ኮከብ፣ የታጠቀ ወታደር፣ ድል! ልጇን ለቀበረች የከዚራ እናት፣ ዘመዶቿ ከድንበር ማዶ ለቀሩባት የመጋላ ሴት፣ ይህ ሐውልት ምን ይላታል?

ሐዘን አይቀረጽም እንዳይባል፣ የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ምስክር ነው። በ1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፉት ወገኖቻችን ተቀርጸውበታል። በየዓመቱ አበባ እናኖርበታለን እንጂ «ቁስል ነካችሁ» ብሎ ያማረረ አልሰማሁም። እርግጥ ነው፣ እዚያ ገዳዩ ባዕድ ነበር። ወገን ከወገን ሲጋደል ብሩሹ ይከብዳል። በ2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያም ከሶማሌም ክልል የተፈናቀሉ ሰዎች ድሬዳዋ ተጠልለው ነበር፤ ከ2013 እስከ 2015 የሰሜኑ ጦርነት ስንቱን ቤት አንኳኳ! ዝም ማለት ግን ሸክሙን አያቀለውም።

ያልተለቀሰ ሐዘን ሰው ውስጥ ይገባል። ሌሊት እየባነነ የሚጮኸውን ጎረቤታችንን «ነካ አድርጎታል» ብለን እንሸሸዋለን። የሁላችንን ሐዘን በአንድ ሰው ላይ ጭነን፣ መልሰን እብድ እንለዋለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ለከተማም ይሠራል። ሥዕል ሐኪምን አይተካም። ወደ ሐኪም የሚሄደውን ሰው ግን ከኀፍረት ሊያድነው ይችላል፤ ሕመሙ የብቻው እንዳልሆነ ግድግዳው ላይ ያያልና።

«የማን ሐዘን ይሳል?» የሚለኝም አለ። ለዚህ መልሱ እዚሁ ድሬ አለ። ሙስሊሙ ክርስቲያኑ ድንኳን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙ ቤት ለቅሶ ይቀመጣል። ለቅሶ ደራሽ የሟቹን ወገን ጠይቆ አይገባም። ሠዓሊዎቻችን ሆይ፣ ያን ድንኳን ሳሉልን! የከተማው ሹማምንትና ባለሀብቶች ደግሞ ከደቻቱ ግራና ቀኝ ካሉት ግድግዳዎች ጥቂቱን ለዚህ ይልቀቁ። የጀግናውንስ ምስል ጠግበናል።

ሐዘኗን የደበቀች ከተማ ጤነኛ ናት የሚል ካለ፣ ብዕሩን ያንሣና በዚሁ መጽሔት ይሞግተኝ።