የባሌ ጉዟችን ከነሐሴ ወደ ጥር ቢዛወርስ?

ባለፈው ስብሰባ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጉብኝታችን በነሐሴ እንዲሆን በብዙ ድምፅ ተወስኗል። ልጆች ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ቡናም ገና አይደርስም ተብሎ ነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ፈርሜበታለሁም። ሆኖም ቤቴ ገብቼ ሳስበው እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ አንድ አባል አስተያየቴን አቀርባለሁ።

አንድ አባት ተነሥተው «የኢሉባቦር ልጅ ዝናብ ይፈራል እንዴ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። እውነታቸውን ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚዘንብበት አገር ተወልደን ዝናብ አንፈራም። ነገር ግን የኛ ዝናብ ብርዱ ቀላል ነው። መቱ ያለችው 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ አስሉት፤ ሳነቴ ላይ ከመቱ በ14 እና በ15 ዲግሪ ይበርዳል ማለት ነው። እዚያ ላይ የበሰበሰ ነጠላ ለብሶ መቆም ጨዋታ አይደለም።

ደግሞስ ምን ልናይ ነው? በነሐሴ ጉሙ ተራራውን ሲሸፍነው ቀይ ቀበሮው አጠገባችን ቢያልፍ እንኳ አናየውም። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚያው ባሌ ነው፤ ዩኔስኮም ፓርኩን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ ጉም አይቶ መመለስ ያስቆጫል። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ እስከ ጎባ ደግሞ ከ400 በላይ ነው። ደርሶ መልስ ከስድስት ቀን አያንስም። ሶርን ለማየት ሐምሌ ላይ ወጥተን መኪናው ጭቃ ውስጥ የቀረብንን ቀን መቼም አልረሳችሁም። ያኔ ደጃችን ስለነበር በእግራችን ገባን። ከባሌ በእግር አይመጣም።

በባሌ ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ላይ ነን፣ እሱን አልከራከርም። የጥር መጨረሻ ግን ቡናው ተሽጦ እጃችን ላይ ጥቂት ብር ይኖራል፣ ልጆችም አብዛኛውን ጊዜ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት አላቸው። ዕረፍቱ አጭር ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ቢያልፋቸው መምህራኑን አስቀድመን እናነጋግራለን።

ጥር ችግር የለውም አልልም። ቀኑ ብራ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ውሃ በረዶ ሆኖ ያድራል። እያንዳንዱ ሰው ጋቢና ብርድ ልብስ ይያዝ፣ ልጆችም ካልሲና ኮፍያ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ አድረን ሰውነታችን ከፍታውን ይልመድ፤ የደጋ አጋዘንም የሚታየው እዚያው አካባቢ ነው። ሳነቴ በማግስቱ ጠዋት ወጥተን በዚያው ቀን እንውረድ። ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰው ካለ ሳያፍር ይናገር፣ ቶሎ ወደ ታች እናወርደዋለን። ልብና ደም ግፊት ያለባችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አትመዝገቡ።

እናቶች ተራራው ላይ ቡና እናፈላለን ብላችኋል። ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን አልደግፍም። በበጋ ቁጥቋጦው ደርቆ ስለሚቆይ አንዲት ፍም ተራራውን ታነደዋለች። ጎባ አፍልተን በፔርሙዝ እንያዝ። ምስርም ቢሆን እዚያ ከፍታ ላይ ውሃው ሳይግል ስለሚፈላ ቶሎ አይበስልም፤ ድርቆሽና ቋንጣ ይሻላል።

የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችን በፊት በስልክ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጉዳዩ እንደገና ይነሣልኝ ብዬ ለሊቀ መንበሩ አመልክቻለሁ። ለመኪናው ቀብድ ገና አልተከፈለም፤ ገንዘብ ያዣችን እስከዚያ እንዲያቆዩት ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ