ደላላው ማንንም አይጠላም

ቲክቶክ ላይ ስለ ስደት ኑሮ የሚያወራ አንድ ቪዲዮ ክፈቱና ኮመንቱን ወደ ታች ውረዱ። አስር ኮመንት ሳታልፉ «ዘረኛ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። አረቧ ማዳም ዘረኛ ናት፤ «ሐበሾች ቆንጆዎች ናችሁ» ያለው ፈረንጅ ዘረኛ ነው፤ ቪዲዮውን የሠራችው ልጅም ዘረኛ ናት፣ እሷን የሰደበውም እንዲሁ። ቃሉ የአምስት ሳንቲም ዕጣ ደርሶታል። ሁሉም ቤት አለ፣ የሚገዛው ነገር ግን የለም።

አማርኛችን ደግሞ ነገሩን ትንሽ ያወሳስበዋል። አገር ቤት «ዘረኛ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የብሔር ጉዳይ ነው። ሰውን በቆዳው ቀለም ወይም በመጣበት አገር መናቅም በዚያው ቃል ይጠራል። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ የራሱ የኮመንት ጦርነትም አለው።

አዲስ አበባ ውስጥ የእስያ መልክ ያለው ሰው በእግሩ ሲያልፍ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ይሉታል። ሰውየው ኮሪያዊ ወይም ጃፓናዊ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ አይጠሉትም፣ እንዲያውም እጃቸውን እያውለበለቡለት ነው። ግን እሱን አላዩትም፤ ያዩት ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ሥዕል ነው። ይሄ ፍረጃ ነው፣ ስቴሪዮታይፕ የሚባለው። ፍረጃ አንዳንዴ ሙገሳም ይመስላል። ትልቅ ሆቴል በር ላይ ፈረንጁ ሳይፈተሽ ሲያልፍ ሐበሻው ቦርሳውን ከፍቶ ሲቆም ብዙዎቻችን አይተናል። ጥበቃው ማንንም አልሰደበም። «ፈረንጅ ችግር አያመጣም» የሚለው ሥዕል ነው በሩን የከፈተው።

ሥዕሉ ላይ ንቀት፣ ፍርሃት ወይም መጸየፍ ሲጨመርበት ጭፍን ጥላቻ ይሆናል። ከጋምቤላ የመጣ ልጅ በገዛ አገሩ ዋና ከተማ «ከየት አገር ነህ?» ሲባል ጠያቂው ላያውቅ ይችላል፤ ፍረጃ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ሲጠቀጠቅ ግን ነገሩ ካለማወቅ አልፏል። «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ የቀለም ዘረኝነት አናውቅም» የሚለው ኩራታችን እዚህ ጋ ይሰነጠቃል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፣ በአያቶቻችን ዕድሜ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን የተረፉት ስድቦች ዛሬም ሰፈር ውስጥ ይሰማሉ። እዚህ አልጽፋቸውም፣ ታውቋቸዋላችሁ።

ታዲያ ዘረኝነት የቱ ጋ ይጀምራል? እኔ የምለየው በደላላው ነው።

አንድ አከራይ «ለእነሱ አላከራይም» አለ እንበል። ያ የአንድ ሰው ጭፍን ጥላቻ ነው። ያስከፋል፣ ግን ቀጥሎ ሌላ ግቢ አለ። አሁን የሰፈሩን ደላላ አስቡት። ሦስት አከራዮች እምቢ ካሉት አራተኛዋ ጋ ልጁን ይዞ አይሄድም። ለምን ይልፋ? ኮሚሽኑን የሚያገኘው ቤቱ ሲከራይ ነው። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደወልለትና ተከራዩ ማን እንደሆነ ሲሰማ «አሁን ቤት የለም» ብሎ ይዘጋል። ደላላው ማንንም አይጠላም፤ ምናልባት ከልጁ ጋር ማኪያቶ ይጠጣ ይሆናል። አራተኛዋ አከራይም ምንም ችግር አልነበረባትም፣ ማንም አልጠየቃትም እንጂ። ልጁ ቤት አጣ። «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ብሎ የሚይዘው ሰው የለም። ጥላቻው ከሰዎቹ ወጥቶ አሠራሩ ውስጥ ገብቷል፣ ከአሁን በኋላ የሚጠላ ሰው ባይኖርም ሥራውን ይሠራል። ዘረኝነት የምለው ይሄንን ነው።

ይሄ በምናቤ የፈጠርኩት ደላላ ነው። እውነተኛው ቤሩት ውስጥ ቢሮ ከፍቷል።

ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የምትፈልግ ማዳም ኤጀንሲ ስትገባ መጀመሪያ የምትመርጠው ሰው ሳይሆን ፓስፖርት ነው። ፊሊፒናዊት በዚህን ያህል፣ ኢትዮጵያዊት ከዚያ ባነሰ፣ ባንግላዴሻዊት ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ከ2019ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በወር 150 እና 200 ዶላር አካባቢ ሲከፈላቸው የፊሊፒኖቹ 400 ገደማ ነበር። ማዳሟ ከኢትዮጵያዊቷ ጋር በጣም ልትዋደድ ትችላለች፣ ልጆቿን አምና ልትሰጣት ትችላለች። ደመወዙ ግን ከመዋደዳቸው በፊት ተወስኗል። የኤጀንሲው ሠራተኛም ቢሆን ዝርዝሩን አሳየ እንጂ ምን አደረገ?

ከዝርዝሩ ጀርባ ሕግ አለ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ከፋላ የሚባለው አሠራር ደግሞ የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስራል፤ ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰኔ ላይ የሊራ ዋጋ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቤሩት የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያወረዱ ሄዱ። ብዙዎቹ ደመወዛቸው እንኳ አልተከፈለም። ፎቶዎቹን ያየ አይረሳቸውም። እነዚያን ሴቶች መኪና ላይ ጭነው ያመጡት አሠሪዎች ሁሉ ከተፈጥሯቸው ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። ሰውን መንገድ ላይ አውርዶ መሄድ እንደሚቻል ግን ያውቁ ነበር፤ ሥርዓቱ ነው ያሳወቃቸው።

እዚህ ጋ አብረውኝ ኢኮኖሚክስ የተማሩ ጓደኞቼ እጃቸውን ያወጣሉ። «ይሄ እኮ ገበያ ነው! ፊሊፒኖቹ እንግሊዝኛ ይችላሉ፣ ልምድ አላቸው፣ ዋጋቸው ስለዚህ ይወደዳል።» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ቤሩት ላይ ብቻ ቆመን ልንመልሰውም አንችልም። ችሎታንና ማንነትን መለየት ከባድ ነውና። ሁለቱን ለይተው የሞከሩ ግን አሉ።

ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን ላኩ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሲቪዎቹ ላይ ስም የተጻፈው በዕጣ ነበር፤ ግማሹ ኤሚሊና ግሬግን የመሰለ የነጭ ስም፣ ግማሹ ላኪሻና ጀማልን የመሰለ የጥቁር አሜሪካውያን ስም። (ጀማል እኛ ጋ ሌላ ነገር ያስታውሳል፣ እዚያ ግን የጥቁር ስም ነው።) የነጭ ስም ያለው ሲቪ አስር ጊዜ ሲላክ አንዴ ይደወልለታል፤ የጥቁር ስም ያለው አንዴ እንዲደወልለት አስራ አምስት ጊዜ መላክ አለበት። ትምህርቱም ልምዱም ልዩነት የለውም።

ከዚህ ጥናት እኔን የሚከነክነኝ ግን ብዙ ሰው የማይጠቅሳቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ሲቪው ሲሻሻል፣ ማለትም ልምድና ሰርተፍኬት ሲጨመርበት፣ የነጭ ስም ያለው የሚደወልለት በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የጥቁር ስም ያለው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ያተረፈው። «ራስህን አሻሽል፣ ሥራ ራሱ ይመጣል» የሚለው የሞቲቬሽን ቪዲዮ ምክር ለኤሚሊ የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ማስታወቂያቸው ላይ «ሁሉንም በእኩል እንቀጥራለን» ብለው የጻፉት ድርጅቶች ካልጻፉት አልተሻሉም። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም። ሲቪ የሚያገላብጠው ሌላ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ መቶ ወረቀት አለ፣ ለአንዱ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይሰጥም፣ ስም ደግሞ ከላይ የተጻፈ ነገር ነው። ደላላው እዚህም ቁጭ ብሏል።

የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ለዚህ ሁለት ማብራሪያ አለው። ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ሥራው አድልዎን እንደ ምርጫ አየው፤ አሠሪው የማይወደውን ሰው ላለመቅጠር ሲል ገንዘብ ይከስራል፣ ውድድር ባለበት ገበያ ደግሞ ከሳሪ አይዘልቅም። ጥሩ ነበር፣ ግን ዘልቋል። በ1970ዎቹ የመጣው ሌላው ማብራሪያ «ጥላቻ የለም፣ ግለሰቡን ስለማላውቀው የቡድኑን አማካይ እጠቀማለሁ» ይላል። የተማረ ሰው ፍረጃ በሉት። ይህኛው ማስረጃ ያለው ስለሚመስል ይበልጥ ያስፈራኛል።

ምን ድረስ እንደሚሄድ ያሳየን በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላይ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጣል እንደነበር ጋዜጣ አጋለጠ። የባለሥልጣናቱ መልስ አኃዝ ነበር፤ ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል ኤችአይቪ ከሌላው ሕዝብ ይበልጣል የሚል። ደም እኮ ከማንም ይምጣ ይመረመራል! ደግሞስ አኃዙን ካመናችሁበት ለምን በድብቅ? ለጋሹን ክንዱን አስዘርግቶ፣ አመስግኖ፣ ደሙን ወስዶ መጣል ስለ ጤና ጥንቃቄ ሳይሆን ስለ ሰውየው ዋጋ የሚናገር ነገር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጥተው ተቃወሙ።

ከዚያ 17 ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 ታኅሣሥ ላይ የደም ለጋሾች ጣቢያ ራሱ ፓርላማው ግቢ ውስጥ መጣ፤ የምክር ቤት አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ ደም ልስጥ ብትል መመሪያው አይፈቅድም ተባለች። ከኢትዮጵያ የወጣችው በሦስት ዓመቷ ነው። ነገሩን ስትጠይቅ ደሙ ሊወሰድ እንደሚችል፣ ግን ቀዝቅዞ እንደሚቀመጥና ለማንም እንደማይሰጥ ተነገራት። ጣቢያው ላይ የነበረችው ሠራተኛ ታማኖ ሻታን የምትጠላበት ምክንያት ያላት አይመስለኝም። መመሪያ ነው ያነበበችው።

ወደ ቤሩት ልመለስና ልጨርስ። ፊሊፒኖቹ 400 ዶላር የሚባለውን ከየት አመጡት? እንግሊዝኛቸው ብቻ አይደለም። የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ላይ ውጭ አገር ለሚሄዱ የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ200 ወደ 400 ዶላር አሳደገ፤ ከዚያ በታች ያለ ውል አላጸድቅም አለ። ሁሉም አሠሪ አልከፈለም፣ ሴቶቹ ከደረሱ በኋላ ሌላ ውል የሚያስፈርሙም ነበሩ። ቢሆንም ኤጀንሲው ዝርዝር ላይ ያለው ቁጥር ተቀየረ። ማኒላ የቤሩት ማዳሞችን አስተሳሰብ ለመለወጥ ዘመቻ አልጀመረችም፣ ስለ መከባበር ፖስተር አልለጠፈችም። የነካችው ዋጋውን ነው።

የእኛ መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድን ከለከለ። ሴቶቹ በሌላ በሌላ መንገድ መሄዳቸውን ቀጠሉ፤ ከመንግሥት በኩል ውላቸውን የሚያይ ግን አልነበረም። ዝርዝሩን የሚጽፈው ደላላው ብቻ ሆነ፣ እሱ ደግሞ የጻፈው ደንበኛው የሚፈልገውን ቁጥር ነው።