ርካሽ መኪና የሚረክሰው ለማን ነው?



የአዲስ አበባ ሕዝብ ሲኖትራክ የሚባለውን የቻይና ገልባጭ መኪና «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለቀልድ አይደለም፤ ባደረሰው አደጋ ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በብረቱ ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም። ጭነት አብዝቶ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሾፌር የሚያሰማራ ባለንብረት የእኛው ሰው ነውና።

የጀርመን የአውቶሞቢል ማኅበር አዳክ በ2007 እ.ኤ.አ. ብሪልያንስ የተባለውን የቻይና መኪና አጋጭቶ ቢፈትነው ከአምስት ኮከብ አንድ ብቻ ሰጠው። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን ቢ.ዋይ.ዲ. «አቶ 3» (ስሙ እንደ እኛ አቶ ነው!) በኤውሮፓ ፈተና አምስቱንም አገኘ። እንግዲህ አንድ አገር ክፉውንም ደጉንም ይሠራል፤ ወደ እኛ የሚመጣው የትኛው ነው?

በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ብዙዎቹን የሚያስገቡት ግን የፋብሪካው ወኪሎች ሳይሆኑ ተራ ነጋዴዎች ናቸው። መኪኖቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ጽሑፋቸው በቻይንኛ ነው፤ መለዋወጫም፣ የሚያውቃቸው ሜካኒክም ይቸግራል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከተቸገረ የመቲው ምን ይሁን? በክረምት ከቴፒ ወደ እኛ ሲመጡ ፍሬን እምቢ ቢል የዋጋው ማነስ ማንን ያድናል?

ስለዚህ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ወላጆቻችን፣ ከቀለሙ በፊት ስንት ኤርባግ እንዳለው፣ በማን እንደ ተፈተነ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠይቁልን። መንግሥትም መለዋወጫና ባለሙያ ላላዘጋጀ አስመጪ ፈቃድ ባይሰጥ መልካም ነው።