ጭቃው አያሳፍርም፤ ዝምታው ግን ይጎዳል



በቅርቡ በአንድ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ አባት ከፊታቸው የነበረውን ወረቀት በጣታቸው ገፋ አደረጉና፣ «እህቴ፣ ልጄን ከጎንደር ያመጣሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም። ጭቃማ እዚያም ሞልቶን ነበር» አሉኝ። ወረቀቱ ልጃቸው በሳምንት አንድ ሰዓት በሥነ ጥበብ የሚሰጥ ሕክምና፣ በዕብራይስጥ «ቲፑል በኦማኑት» የሚባለውን፣ እንዲያገኝ ፈቃዳቸውን የሚጠይቅ ነበር። ሳይፈርሙ ወጡ። ልጁ በክፍል ውስጥ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ሌሊት እየባነነ ይነሣል። (የማንም ቤት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ።)

እኒህን አባት አልወቅስም። ንግግራቸው ግን በብዙ ቤት የሚነገር ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ፣ ጭቃን እንዲህ ያዋረደው ማነው? በጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ እናቶቻችን ጀበናውን፣ ምጣዱንና እንስራውን በእጃቸው ሠርተዋል። አንበሳና የሰው ምስልም እየሠሩ ለጎብኚ ሸጠዋል። አባቶቻችን ማረሻ ቀጥቅጠዋል። ጎረቤት በማረሻው አርሶ፣ በምጣዱ ጋግሮ ከበላ በኋላ «ጠይብ» እና «ቡዳ» ብሎ ሰደበን። ስድቡን እዚያው ጥለነው መምጣት ሲገባን ከጓዛችን ጋር ጭነን አመጣነው። ከራሴ ልጀምር። በመርካዝ ክሊታ ሳለን እናቴ ከግቢው አፈር አንዲት ትንሽ ጀበና ሠርታ መስኮት ላይ አስቀመጠች። የክፍል ጓደኞቼ ሲመጡ እኔ አልጋ ሥር ደበቅኋት። በእሳት ያልተተኮሰች ነበረችና እዚያው ፈራረሰች። ከዓመታት በኋላ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ አንዲት መምህር ሸክላ ለተጨነቀ ሰው ምን እንደሚጠቅም ስታስረዳን እኔ የማስበው ያችን ጀበና ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። አንዳንዶች «ጨዋታ ነው» ይላሉ። አዲስ የመጣ ልጅ ዕብራይስጡን ገና አልያዘም፤ አማርኛውም በልጅነቱ ቀርቷል። ታዲያ ፍርሃቱን በየትኛው ቋንቋ ይንገረን? እጁ ግን ያውቃል። ሸክላ ተጨፍልቆ እንደገና ይሠራል። ቤት ሠርቶ ያፈርሰዋል፣ መልሶ ይሠራዋል፤ ባለሙያዋ ነጥብ አትሰጠውም፣ አትቸኩልበትም። እንደ መጽሐፍ ገላጭም ሥዕሉን አይታ ዕጣውን አትናገርም። አብራው ተቀምጣ ትጠይቀዋለች፣ ታዳምጠዋለች። ይህ በሁለተኛ ዲግሪ የሚጠና ሙያ ነው፤ እዚሁ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

የሙያውን ሥር ማወቅ ለሚፈልግ፣ ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ የተባለች አይሁዳዊት ሠዓሊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ወደ ቴሬዚን ጌቶ ሲያግዟት ከተፈቀደላት ጓዝ ውስጥ የሥዕል ዕቃ ጨመረች። እዚያም የተጋዙትን ልጆች ሥዕል አስተማረች። ወረቀት ሲያጥር ልጆቹ በተጻፈበት የቢሮ ወረቀት ጀርባ ሣሉ። እርሷ በ1944 ኦሽዊትዝ ውስጥ ተገደለች፤ ከልጆቹም አብዛኞቹ አልተረፉም። በሁለት ሻንጣ የተደበቁት 4,500 ያህል ሥዕሎች ግን ተርፈው ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። ቀድሞ ያስተማረቻት ኢዲት ክሬመር ወደ ኒው ዮርክ ተሻግራ የዚህ ሕክምና ሙያ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። ይህ ጨዋታ ነው ወይ?

ሌሎች «ልጄ እብድ አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይደለም። እኛ ግን «ሆድ ይፍጀው» ማለት የለመድን ሕዝብ ነን። በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ የቆመላቸው በ2007 ነው። በስንት ቤት ስለ እነርሱ ለልጆች ተነግሯል? ከ2020 ወዲህ በ«ጹር ይስራኤል» ዘመቻ የመጡትም ዓመታት በጎንደርና በአዲስ አበባ ሲጠብቁ የኖሩ፣ ወንድምና እህት ትተው የመጡ ናቸው። ገና ሳይረጋጉ ጦርነት መጣ፤ በጁን 2025 ሚሳይል እዚሁ ሃይፋ ወደቀ። ልጆች ይህን ሁሉ ተሸክመዋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

በእርግጥ ይህ ሕክምና ሁሉን አይፈውስም። ራሱን የሚጎዳ ወይም መብላት ያቆመ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

ደግሞ «ለእኛ ልጆች ቆሻሻ ይሰጧቸዋል» የሚሉ አሉ፤ የጠርሙስ ክዳን፣ ካርቶን፣ አሮጌ ጨርቅ አይተው ነው። በእናቶቻችን ቤት የሚጣል ነገር ነበረ ወይ? ከመኪና ጎማ በረባሶ፣ ከአሮጌ ጨርቅ ኳስ ይሠራ ነበር። እንስራው ቢሰበር ገሉ ከጎረቤት እሳት መጫሪያ ይሆናል። ስንደዶና አክርማ ተለቅሞ መሶብ ይሰፋል። ዛሬ ጠርሙስ መልሰን 30 አጎሮት ስንቀበል አዲስ ጥበብ ይመስለናል። ከካርሜል የወደቀ የጥድ ፍሬ፣ ከባት ጋሊም ዳርቻ የተለቀመ ዛጎል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሻባት ከሰዓት በኋላ ከልጆቻችሁ ጋር መልቀም ትችላላችሁ። ነገር ግን ለሌላው ልጅ ቀለምና ሸክላ ተገዝቶ ለእኛ ልጅ ክዳን ብቻ ከተሰጠ ያ ሕክምና ሳይሆን ንቀት ነው። ያን ጊዜ ድምፃችሁን አሰሙ፤ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ።

ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ መምህራንና ኃላፊዎችም አሉና ለእነርሱም አንድ ቃል አለኝ። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው። በዚያን ቀን እናቶቻችንን ጥልፍ አልብሳችሁ ቡና እንዲያፈሉ ትጠራላችሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሸክላ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምር ባለሙያ ታመጡላቸዋላችሁ። ሕክምናውን ባለሙያው ይምራ። ሸክላና ስፌት ግን እናቶቻችን ያስተምሩ፤ ደመወዝም ይከፈላቸው። ልጅ እናቱን በመምህርነት ወንበር ላይ ካየ የሚያገኘውን ክብር ሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም።

ወላጆች ሆይ፣ ፈርሙ፤ ግን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አትፈርሙ። ባለሙያዋ ምን እንደተማረች ጠይቁ። ልጁ የሠራው ሥራ የት እንደሚቀመጥ፣ ሪፖርቱን ማን እንደሚያይ ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። የሕክምና ክፍሉን አሳዩን በሉ።

እኒያ አባት እስካሁን አልፈረሙም። ወረቀታቸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በየሳምንቱ እደውልላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም አክብረው ያነሡልኛል። በሚቀጥለው ስንነጋገር ስለዚያች አልጋ ሥር ስለፈረሰች ጀበና ልነግራቸው አስቤአለሁ።

ቸር ያሰማን።