ባልተፈተሸ ቁጥር ላይ አትፈርሙ

በጋምቤላ ከተማ፣ በኢታንግ፣ በአቦቦ፣ በላሬና በፒኝዶ በሕክምና ሥራ ፀጉራችሁ ለሸበተ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ መመሪያውን ተምረዋል፣ ተፈትነውበታልም። ሥራ ላይ ሲሰማሩ ግን የሚከተሉት የእኛን እጅ ነው። እኛ የዘለልነውን እነሱም ይዘሉታል፤ እኛ የፈረምንበትን ማንም ደግሞ አያየውም። ስለዚህ በእድሜና በልምድ የቀደምነው አስቀድመን እንገሠጽ።

የምናገረው በእጅ ስለሚያዘው የሳንባ መለኪያ፣ ስለ ስፓይሮሜትር ነው። ጆን ሃቺንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1846 እ.ኤ.አ. ስለዚህ መለኪያ ሲጽፍ መሣሪያው በውኃ የሚሠራ ትልቅ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ በካፖርት ኪስ ይገባል። አንድ ሰው አየር ሞልቶ ስቦ በኃይል ሲነፋ በጠቅላላው ስንት ሊትር እንዳወጣ፣ በመጀመሪያው ሰከንድ ደግሞ ስንቱን እንዳወጣ ይነግረናል። ማነሱ በረከት ነው፤ ወደ ቀበሌና ወደ መጠለያ ጣቢያ ይዘነው እንሄዳለን። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። በመኪና ውስጥ ይረሳል፣ ጠረጴዛ ላይ ይወረወራል፣ ከእጅ እጅ ይዞራል። ተበላሽቶም እንኳ ቁጥር መስጠቱን አያቆምም።

ይህ ቁጥር እኛ አገር ምን እንደሚሸከም ታውቃላችሁ። ኑዌር ወገኖቻችን ትንኝ ለማባረር በከብቶቻቸው በረት ውስጥ ኩበት ያጨሳሉ፤ እረኛውም ሕፃኑም ያንን ጭስ ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። እናቶች በእንጨትና በከሰል ጭስ ውስጥ ያረጃሉ። ጋያ የሚስቡ ወንዶችም ሴቶችም ብዙ ናቸው። በዚህ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ድኖም ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። አራቱም በራችን ላይ የሚደርሱት በአንድ ስም ነው፦ ሳልና ትንፋሽ ማጠር። በአግባቡ የተሠራ ምርመራ ግን የችግሩን ዓይነት ይለያል። ሳልቡታሞል ተሰጥቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲለካ የመጀመሪያው ሰከንድ ድርሻ ከጠቅላላው ከ0.70 በታች ሆኖ ከቀረ፣ ዘላቂ የአየር ቧንቧ መጥበብ እንጠረጥራለን። በደንብ ከተከፈተ አስምን እናስባለን። ድርሻው ደህና ሆኖ ጠቅላላው ካነሰ፣ ጠባሳ ወይም ሌላ የሳንባ መጨማደድ ይኖር እንደሆነ እንመረምራለን። በአግባቡ ካልተሠራ ግን አስም ያለበት ሰው የነቀርሳ መድኃኒት 6 ወር ይውጣል፤ ሳንባው የተጎዳውም “ምንም የለብህም” ተብሎ ወደ ጭሱ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዬ ስለ ሙቀት ነው። ከሳንባ የሚወጣ አየር 37 ዲግሪ ሙቀት ያለውና እርጥበት የጠገበ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ሲያገኘው ይኮማተራል። መሣሪያው የተኮማተረውን አስልቶ ይጨምርለታል፦ ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ 10 በመቶ ያህል፣ 37 ዲግሪ ከሆነ ምንም። እንግዲህ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ በ20 ዲግሪ ተስተካክሎ የተላከ መሣሪያ 500 ሜትር ገደማ ወዳለችው ጋምቤላ ይወርዳል። በየካቲትና በመጋቢት፣ ሙቀቱ 40ን በሚያልፍበት ወቅት፣ ማንም ሳይነካው ቢሠራበት ለታማሚው የሌለውን አየር ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ሰከንድም ጠቅላላውም እኩል ስለሚያብጡ ድርሻው አይዛባም፤ ወረቀቱ ያማረ ይሆናል፤ የሚጠረጥርም አይኖርም። የራሱ ቴርሞሜትር ያለው መሣሪያም ፀሐይ ከመታው መኪና ወጥቶ ወዲያው ቢሠራበት የሚለካው የራሱን ግለት እንጂ የክፍሉን ሙቀት አይደለም። በክፍሉ ውስጥ አሳርፉት፤ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር አይታችሁ አስገቡ። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የሚደረግ ምርመራ ችግር ሊያስከትል ይችላል። በበጋ ምርመራውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ሁለተኛው ስለ ዕድሜ ነው፤ ይህ ደግሞ የራሳችን አገር ወጥመድ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ብቻ ነው። በ1970 ዓ.ም. የተወለደች እናት የልደት ዘመኗ እንዳለ ከገባ፣ መሣሪያው 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጃታል። የአዋቂ ሰው የመጀመሪያ ሰከንድ ትንፋሽ በጤናም በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ስለሚቀንስ፣ ከእሷ የሚጠበቀው ልክ በ200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወርዳል። ያን ጊዜ የደከመ ሳንባዋ “ለዕድሜዋ ይበቃል” ተብሎ ያልፋል። ልብ በሉ፤ የሙቀቱም የዘመኑም ስህተት የሚገፋው ወደ አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱም በሽተኛውን ጤነኛ ያደርጉታል። የልደት ዘመኑን ቀይራችሁ አስገቡ። የልደት ዘመኑን የማያውቅ ካለም በአካባቢው ሰው ሁሉ በሚያስታውሰው ክስተት እያስታወሳችሁ ገምቱ፤ ግምት መሆኑንም በወረቀቱ ላይ ጻፉ።

የቁመት ስህተት ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይገፋል። ኑዌርና አኙዋ ወገኖቻችን ረጃጅሞች ናቸው፤ ርዝመታቸው ግን ከደረት ይልቅ በእግር ላይ ያመዝናል። መሣሪያው የሚጠበቀውን የሚያሰላው ከሙሉ ቁመት በመሆኑ ጤነኛው ሰው “ሳንባው ጠቧል” ሊባል ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው የግሎባል ላንግ ፋንክሽን ኢኒሺዬቲቭ ሰንጠረዥ ከ74 ሺህ በላይ ጤነኛ ሰዎች ቢካተቱም፣ ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ በበቂ አልተወከለችበትም። ስለዚህ ቁመቱን ጫማ አስወልቃችሁ ለኩ፤ ጠይቃችሁ አትጻፉ። አንድ ሰንጠረዥ ምረጡና ጽኑበት። ጠቅላላው ብቻ አንሶ ስታዩ በሽታ ከማለታችሁ በፊት ራጁን፣ ታሪኩንና ደረቱን መርምሩ።

ሦስተኛው ስለ ፍተሻ ነው። ባለ 3 ሊትር የካሊብሬሽን ሲሪንጅ ምርመራ ባለበት ቀን ሁሉ ጠዋት ይገፋ፤ በዝግታ፣ በመካከለኛና በፈጣን ግፊት። ንባቡ ከ2.91 እስከ 3.09 ሊትር ካልሆነ ያን ቀን ምርመራ የለም። “ይህ መሣሪያ ካሊብሬሽን አይፈልግም” የሚለውን የሻጭ ቃል ከመፈተሽ ነፃ እንደሚያወጣ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ የማይስተካከል መሣሪያም መፈተሽ አለበት። ሲሪንጁም ከመሣሪያው ጋር በአንድ ክፍል ይደር፤ የሚሞቅ መስኮት ላይ አይቀመጥ። በተጨማሪ ከመካከላችሁ የማያጨስ ጤነኛ ሰው በየሳምንቱ ነፍቶ ቁጥሩ በመዝገብ ይስፈር። ያ ቁጥር ድንገት ከወረደ ወይም ከወጣ ከሰውየው በፊት መሣሪያውን ጠርጥሩ። ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የባዮሜዲካል ባለሙያ እስኪደርስልን የምንጠብቀው ረጅም ጊዜ ነው። መዝገቡ ግን በእጃችን ነው።

አራተኛው ስለ ንጽሕና ነው። ተርባይን ያለው መሣሪያ ውስጡ በትንፋሽ የሚዞር ስስ ክንፍ አለ፤ አንዲት ፀጉር ወይም የደረቀ ምራቅ ዙሩን ታዘገየዋለች፤ ያን ጊዜ ጤነኛው በሽተኛ ይሆናል። አምራቹ ባዘዘው ማጽጃ ዘፍዝፉት፣ በተጣራ ውኃ አለቅልቁት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። አምራቹ ሳይፈቅድ አልኮል አታስነኩት፣ አትቀቅሉት፣ ከቧንቧ ግፊት ሥር አታስገቡት። ፊልተር ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ሲያልቅ ምርመራው ይቆማል። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት ምድር ያገለገለ ፊልተር ለሌላ ሰው አፍ መስጠት ሊፈወስ የመጣውን ሰው ማሳመም ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው በመጀመሪያ አክታው ይመርመር። ደም የሚተፋ፣ በቅርቡ የልብ ድካም የገጠመው ወይም በዓይኑ፣ በጭንቅላቱ ወይም በሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አይንፋ።

ለነቀርሳ ሲባል መስኮቱ ይከፈታል። ነገር ግን መሣሪያው ዜሮውን በሚይዝበት ቅጽበት ነፋስም ቬንትሌተርም እንዳይነካው ሸፍናችሁ ያዙት፤ ያለዚያ የነፋሱ ግፊት በታማሚው ስም ይጻፋል።

አምስተኛው ስለ ሰውየው ነው። ጀርባና ክንድ ባለው ወንበር ተቀምጦ፣ አፍንጫው ተቆንጥጦ፣ ከንፈሩ በቱቦው ላይ ገጥሞ ይንፋ። በሙቀቱ ላይ በኃይል መንፋት ራስ ያዞራል፤ ቆሞ የነፋ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ቢያንስ 3 ጥሩ ንፊያ ያስፈልጋል፤ ከፍተኛዎቹ ሁለቱ ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ አይራራቁ፤ አዋቂ ሰው ከ8 ሙከራ በላይ አይድከም። ትእዛዙም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ በኑዌርኛ፣ በአኙዋኛ፣ በማጃንግኛ። በአማርኛ ጮኸንበት ያልገባው ሰው ደካማ ሳንባ ያለው ይመስለናል፤ ደካማው ግን የእኛ ማስረዳት ነው። አስተርጓሚውን አስቀድማችሁ አሠልጥኑ፤ እሱም ራሱ ነፍቶ ይየው።

እኔ የምፈራው መሣሪያ ማጣታችንን አይደለም። ያለ መሣሪያ ለብዙ ዘመን በጆሯችንና በጣታችን ሠርተናል፤ ጥርጣሬያችንም ያስጠነቅቀን ነበር። የምፈራው የታተመ ቁጥር ጥርጣሬያችንን እንዳይወስድብን ነው። የእኛ ፊርማ ያረፈበትን ወረቀት ጅማም ሆነ አዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት አምኖ ይቀበለዋል። ስህተቱ በየደረጃው ይታተማል እንጂ አይታረምም።

እንግዲህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ አራት ነገር በወረቀቱ ራስጌ ላይ ይጻፍ፦ የክፍሉ ሙቀት፣ የሲሪንጁ ንባብ፣ የልደት ዘመኑ በምን አቆጣጠር እንደገባ፣ የፈተሸው ሰው ስም። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ማንም ይለምናችሁ፣ ሰልፉም ይርዘም፣ አትፈርሙ። ዛሬ ያልተመረመረ ሰው በሌላ ቀን ይመረመራል፤ በተሳሳተ ቁጥር “ጤነኛ ነህ” ብለን ያሰናበትነው ግን ሕመሙ እስኪብስበት አይመለስም፤ ያኔ የሚጠየቀው መሣሪያው ሳይሆን እኛ ነን።