መቻልን የገደለው ማነው?

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ይህን ጽሑፍ በሰሌዳችን ላይ ለመለጠፍ የተገደድነው ባለፉት ሁለት ሳምንታት በሰፈራችን ሲናፈስ የሰነበተውን አሉባልታ ዝም ብሎ ማየት ስላልተቻለን ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት በእኛው ሲቀላ፣ በቦዩ ዳር የሚኖሩት እናታችን ውሻ፣ መቻል፣ በድንገት ሞቷል። ቅዳሜ ማታ ምግቡን አልነካም። እሑድ ሲያስመልሰው ዋለ፤ የዓይኑ ነጭና ድዱ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ እንደ ቡና ጠቆረ። ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ አለቀ።

ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወሬው ተነሣ። «መርዝ ሰጥተውት ነው!» ተባለ። ማን? ከወር በፊት «ዶሮዬን ፈጀብኝ» ብሎ የተናገረ ጎረቤት አለና፣ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ያየ የለም፤ የሰማም የለም፤ ግን ቡና በተጠጣበት ቤት ሁሉ ፍርዱ ተሰጥቶ አደረ። በሦስተኛው ቀን የሁለቱ ቤት ልጆች ቦኖ ውሃው ጋ ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ። እግዜር ይስጣቸው፣ ጀሪካን ተሸክመው የነበሩ ሴቶች ባይገላግሏቸው ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ውሻ ሞት ባልሆነ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ? በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በወገኖቹ ላይ በደረሰው ግድያ ተቆጥቶ የወጣውን ወጣት፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት በዚችው በአርባ ምንጭ አይደለም ወይ? ያን የሚያህል ቁጣ የበረደባት ከተማ ውስጥ እየኖርን በዶሮና በውሻ እንተላለቅ?

እውነቱን እንናገር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ መጥቷል፤ ከእኛም ሁለታችን ነበርን። ሐኪሙ ድዱን ገልጦ አየ፣ ሽንቱን አየ፣ ወጥቶም ቦዩን አየ። «ይህ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ይመስላል፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ ይባላል፤ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይዞታል» አለን። ፔኒሲሊን ወጋው፤ ግን ረፍዶ ነበር። ደሙ እስኪመረመር የሚጠብቅ ዕድሜ አልነበረውም። ሆኖም ውሻ ለማጥፋት የሚበተነው መርዝ እያንቀጠቀጠ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚጨርሰው እንጂ፣ ዓይን አቢጭቶ ሁለት ቀን አያቆይም። ይህንን ለተወራበት ጎረቤታችን ስንል በግልጽ እንመሰክራለን። ያወሩበት ሰዎች ቤቱ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ።

በሽታው ትናንት የተፈጠረ አይደለም። አዶልፍ ቫይል የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰው ላይ የሚታየውን ብርቱ መልኩን ጽፎታል፤ በ1915 ገደማ የጃፓን ሐኪሞች ተህዋሱን ለዩት። ተህዋሱ የሚኖረው በአይጥ ኩላሊት ውስጥ ነው፤ አይጧን እምብዛም አያሳምማትም። በሽንቷ ይወጣና በረጋ ውሃና በእርጥብ አፈር ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ውሻ ያንን ውሃ ሲጠጣ፣ ወይም በተቧጠጠ እግሩ ሲሻገረው ይገባበታል። ሰውም እንዲሁ።

ታዲያ ያ የረጋ ውሃ የማነው? ከሚያዝያው ዝናብ ወዲህ ቦያችን አንድ ቀን እንኳ ፈስሶ ያውቃል? የሙዝ ልጣጩ፣ የበሰበሰው ማንጎ፣ ፌስታሉ፣ የዶሮ አንጀቱ እዚያው ተደፍኖ፣ አይጥ በጠራራ ፀሐይ እንደ ጫጩት እየተርመሰመሰች፣ እኛ አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። ማታ ሲጨልም ደግሞ ያው አፍንጫውን የያዘው ሰው የራሱን ፌስታል ይዞ ወጥቶ ይወረውራል! መቻልን የገደለው አንድ ጎረቤት አይደለም። ሁላችንም እጃችን አለበት።

ግለ ሂስም ይኑር። እኛ የማኅበሩ ኮሚቴ የቦዩን ጉዳይ ሦስት ጊዜ አጀንዳ አድርገን ሦስቴም «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ብለናል። ቃለ ጉባኤው አለ፤ መጥቶ ማንበብ የሚፈልግ ያንብብ።

አሁን ደግሞ ስለ ሳቁ። እናታችን አልቅሰዋል፤ የልጅ ልጃቸው ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም። ጥቂት ሴቶች ቡና ይዘው ሊያጽናኗቸው ቢሄዱ «ለውሻ ለቅሶ ይቀመጣል እንዴ?» እያሉ መንገድ ላይ የተሳሳቁ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ዛፋቸው ላይ ማንጎ የቀረላቸው በማን ይመስላቸዋል? ስድስት ዓመት ሙሉ ዝንጀሮውን ከነመንጋው ሲያባርር የነበረ፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር ሰፈሩን የሚቀሰቅስ መቻል አልነበረም? ደመወዙ ፍርፋሪ ነበር። እናታችን ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሌሊት ሲነቁ ከደጃፋቸው የሚሰሙት ትንፋሽ የእሱ ነበር። ለዚህ ማልቀስ ነውር ከሆነ ነውሩ ይድረሰን።

ከሁሉ የከፋው እሳቸው ራሳቸውን መክሰሳቸው ነው። «ቅዳሜ ማታውኑ ሐኪም ብጠራ ኖሮ» ይላሉ፤ ባገኙን ቁጥር ይህንኑ ነው የሚደጋግሙት። ቀድሞ ቢታከም የመዳን ዕድሉ ይሰፋ እንደነበር አንክድም። ግን አንድ ማታ እህል ያልበላን ውሻ ሊሞት ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? እማማ፣ እርስዎ ያለዎትን አድርገዋል። እኛ በጣልነው ቆሻሻ እርስዎ ራስዎን እየወቀሱ ሲያድሩ ማየት አንሻም።

«ሰው በወባ እያለቀ ስለ ውሻ ታወራላችሁ» የሚል ይኖራል። ወንድማችን፣ ወባውን ስላነሣህ ነው የምንነግርህ! ይህ በሽታ ሰው ሲይዝ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ይልቁንም የባት ሕመም ያመጣል። በእኛ ከተማ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው። በወባ ክኒን ግን ይኼ አይድንም። በጊዜ ከታወቀ በዶክሲሳይክሊን ወይም በፔኒሲሊን ይታከማል። ስለዚህ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «በሰፈራችን እንዲህ ሆኖ የሞተ ውሻ ነበር፤ ቦዩን በባዶ እግሬ እሻገራለሁ» ብሎ ይንገር። ሐኪም ያልነገሩትን አያውቅም።

ሬሳውንም በሚመለከት አሳፋሪ ነገር ተፈጽሟል። አንድ ወጣት መቶ ብር ተቀብሎ ሬሳውን በገመድ ጎትቶ ወደ ቦዩ ጣለው። ስሙን አንጽፍም፤ ራሱን ያውቃል። ቦዩ የሚወርደው ወደ ኩልፎ፣ ኩልፎም ወደ ጫሞ ነው። ኩልፎ ውስጥ ልጆች ይዋኛሉ፣ ልብስ ይታጠባል። እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን አውጥተን፣ ከውሃ ርቀን፣ ከአንድ ሜትር በላይ ቆፍረን ቀብረነዋል፤ የተኛበትንም በበረኪና አጥበናል።

በድንገት የሞተ እንስሳ ሁሉ ደግሞ በአንድ በሽታ አይሞትም። በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በደቡብ ኦሞ፣ ማጎ ፓርክ ውስጥ አባ ሰንጋ ገብቶ ከአንድ ሺህ በላይ የዱር እንስሳ ፈጅቷል፤ አብዛኛው አምባራይሌ ነበር። ያን ጊዜ መርዝ የበተነው የማን ጎረቤት ነው? አባ ሰንጋ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በሬም ሆነ ፍየል በድንገት ወድቆ ከአፍና ከአፍንጫው ደም ቢያዩ አይረዱት፣ አይግፈፉት፣ ሥጋውንም ለውሻ አይጣሉ፤ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ውሻ ያላችሁ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ከዚህኛው በሽታ አያድንም። ለዚህም የራሱ ክትባት አለ፤ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ለአይጥ ብላችሁ ደግሞ መርዝ ደጅ አትበትኑ፤ የቀሩትን ውሾችና ዶሮዎች ትጨርሳላችሁ፤ ያን ጊዜ ወሬው እውነት ይሆናል።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቦዩን እንጠርጋለን። ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ወይም ዶማ ይዞ ይውጣ። በባዶ እግሩ ወይም እጁ ላይ ቁስል እያለው ማንም እንዳይገባ፤ ቦቲ ያለው ለሌለው ያውስ። የተወራበት ጎረቤታችን ጋሪውን እሰጣለሁ ብሏል። እማማም ዶማቸውን ለልጅ ልጃቸው አስይዘው እንደሚልኩ ነግረውናል።

የሰፈሩ ማኅበር ኮሚቴ